ሚዛኑን ማን መዘነው? ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዝርዝር

በገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም እህሉ ሳይሰፈር በፊት ቍናው ይመረመራል። ቍናው ከልክ የጠበበ ወይም የሰፋ እንደ ሆነ፥ የሰፋሪው እጅ ምንም ቅን ቢሆን ስፍሩ ሐሰት ከመሆን አይድንም። ለጤፍና ለገብስ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ ግን ለዕውቀት ቤቶች ሳይደረግ ቀርቷል። የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ከአንደኛ ጀምረው በተራ እያሰለፉ፥ ‹ይህ ከዚያ ይበልጣል፥ ያ ከዚህ ያንሳል› እያሉ በየዓመቱ የደረጃ ዝርዝር የሚያወጡ ድርጅቶች ተነሥተዋል። አባት ልጁን ወዴት እንዲልክ፥ መንግሥት ገንዘቡን ለማን እንዲሰጥ፥ አሠሪ ማንን እንዲቀጥር፥ የድንበር ሹም በሩን ለማን እንዲከፍት ይህን ዝርዝር ይጠይቃል። ዝርዝሩን ራሱን የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ቍናው ራሱ በተራው ሊመረመር ይገባል።

የነገሩ ታሪክ አጭር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ዩ ኤስ ኒውስ የተባለው መጽሔት በ1983 የአገሩን ኮሌጆች ደረጃ ባወጣ ጊዜ መስፈርቱ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የኮሌጅ መሪዎችን ‹ማን ይበልጣል ትላላችሁ?› ብሎ ጠይቆ መልሳቸውን ማተም ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በ2003 በቻይና የሻንጋይ ጅያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ የአገራቸው ትምህርት ቤቶች በዓለም ከታወቁት ምን ያህል እንደሚርቁ ለማወቅ ብለው የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች ቈጠሩ። በ2004 ደግሞ በለንደን ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን የተባለው ጋዜጣና ኪው ኤስ የተባለው ድርጅት በአንድነት ሌላ ዝርዝር አወጡ፤ በኋላ ተለያይተው ከ2010 ጀምሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያወጣሉ። የሻንጋዩ ሥራ በመጀመሪያ የአንድ አገር ሰዎች ራሳቸውን ያዩበት መስተዋት ነበረ፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነቀፋው መስተዋቱ ዳኛ ሆኖ ከተሾመ በኋላ የመጣ ነው።

ዝርዝሩ እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው፥ የትምህርት ዐዋቂዎች ከክፍል ወደ ክፍል እየገቡ፥ መምህሩ ሲያስተምር ሰምተው፥ ተማሪውን ጠይቀው፥ መዝነውና ፈርደው የሚጽፉት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሻንጋዩ ዝርዝር ከመቶው 10 እጅ የሚሰጠው፥ በዚያ ትምህርት ቤት ተምረው የኖቤል ወይም የፊልድስ ሽልማት ላገኙ ሰዎች ነው፤ 20 እጅ እነዚህኑ ሽልማቶች ላገኙ መምህራን፤ 20 እጅ ጽሑፋቸው በሌሎች ጸሓፊዎች እጅግ ለሚጠቀስ ሊቃውንት፤ 20 እጅ ‹ኔቸር› እና ‹ሳይንስ› በተባሉት በሁለቱ መጽሔቶች ለታተመ ጽሑፍ፤ 20 እጅ በታወቁት መዝገቦች ለተቈጠረ የምርምር ጽሑፍ ይሰጣል፤ የቀረው 10 እጅ ይህ ሁሉ ለመምህራኑ ቍጥር ሲካፈል ለሚወጣው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ‹የትምህርት ጥራት› የሚል ስም የተሰጠው ያው የመጀመሪያው 10 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ በብዙ ሺህ ከሚቈጠሩት ተማሪዎች መካከል በብዙ ዘመን አንዱ ቢሸለም፥ ያንዱ ሽልማት ለሁሉ ትምህርት ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ የተሸለመ የሌለበት ቤት ግን ዘጠና ዘጠኙን ተማሪ አንጥሮ ቢያስተምርም ምስክር የለውም። ከዚህም ሌላ ለመምህራን ከሚቈጠሩት የኖቤል ሽልማቶች መካከል የሥነ ጽሑፍና የሰላም ሽልማት የሉበትም። ስለዚህ ተሸላሚ የሆነ ታላቅ ደራሲ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከዚህ ሽልማት ነጥብ አንዳች አይደርሰውም።

በሽልማት መቍጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የበርሊን ነገር ያስረዳል። በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ፥ ከተማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲከፈል ሁለት ወራሽ አገኘ፤ በምሥራቅ የቀረው በ1949 ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በምዕራብ ደግሞ በ1948 ነፃ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተመሠረተ። የሻንጋዩ ዝርዝር በወጣ ጊዜ፥ ከጦርነቱ በፊት በበርሊን ያስተማሩት ሊቃውንት፥ ከነርሱም አንዱ አልበርት አይንሽታይን፥ ያገኙት ኖቤል ለማን ይቈጠር የሚል ክርክር ተነሣ። ሙታን የተዉትን ክብር ሕያዋን እንደ ርስት ተሟገቱበት። አይንሽታይን የሞተው በ1955 ነው፤ ክርክሩን ማን ቢረታ፥ ዛሬ ወደ በርሊን ለትምህርት ለሚሄድ ወጣት ከዚያ ሽልማት የሚደርሰው ምንድር ነው?

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ቍናው የማይሰፍረው ነገር ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በኢትዮጵያ ተወልደው፥ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በተባለው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በ1973 ተመረቁ፤ ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በ1983 በሱዳን ድርቅን የሚችልና ፍሬው የበዛ የማሽላ ዘር እንዲወጣ አደረጉ፤ ከዚያም በኋላ የማሽላን ሥር እየጠባ ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረውን አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት ደክመው ተሳካላቸው። ስለዚህም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። በሻንጋዩ ሒሳብ ግን ይህ ሽልማት ኖቤልም ፊልድስም ስላይደለ፥ ለዓለማያ አንዲት ነጥብ አላስገኘም። የገበሬው ጎተራ ሞላ፤ የሰፋሪው ቍና ግን ባዶ ነው አለ።

እንደዚሁም በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፥ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን አንድ ላይ አሠልጥኖ፥ እንደ አንድ ማኅበር ሆነው እንዲሠሩ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ምንጩ ስለ ተጠበቀ ሳይታመም ያደገ ሕፃን በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ‹ኔቸር› በተባለው መጽሔት አልታተመም፤ በሌላ ጸሓፊም አልተጠቀሰም። ነገር ግን ያ ኮሌጅ የተሠራው ለዚህ ነበረ፤ ሥራውም በተሠራበት ነገር ሊመዘን ይገባው ነበር።

ሁለተኛው ጕድለት መደመሩ ነው። የበሬውን እርሻ፥ የላሚቱን ወተት፥ የበቅሎይቱን ስግር በአንድ ደምሮ ‹ከብቶቼ 87 ከግማሽ ናቸው› የሚል ገበሬ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ይሥቁበት ነበር። የደረጃ ዝርዝር የሚሠራው ግን እንዲሁ ነው። የሰው አስተያየት፥ የመምህርና የተማሪ ቍጥር፥ የጥቅስ ብዛት፥ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ብዛት፥ እነዚህ የማይመሳሰሉ ነገሮች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይጨመራሉ። ለየአንዳንዱ ስንት እጅ ይሰጠው ቢባል፥ የሚወስነው አውጪው ራሱ ነው። ኪው ኤስ ለብዙ ዘመን ለመምህራን አስተያየት 40 እጅ፥ አንድ መምህር ለስንት ተማሪ ይደርሳል ለሚለው 20 እጅ ይሰጥ ነበር። በ2023 ይህን ለውጦ የፊተኛውን 30፥ የኋለኛውን 10 አደረገው፤ ሌሎችም አዳዲስ መለኪያዎች ጨመረ። በዚያ ዓመት ስንት ትምህርት ቤት ወጣ፥ ስንቱም ወረደ፤ መምህሩ ያው መምህር፥ መጽሐፍ ቤቱ ያው መጽሐፍ ቤት ነው። ልብ ሊባል የሚገባውም፥ በግማሽ የተቀነሰው ለተማሪው እጅግ የሚቀርበው መለኪያ መሆኑ ነው። ትናንት 20 የነበረው ዛሬ 10 ከሆነ፥ ከሁለቱ የትኛው እውነት ነበረ? ሁለቱም ፈቃድ እንጂ ዕውቀት አልነበሩም።

ሦስተኛው ጕድለት ስለ ዝና ነው። ‹ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተላል ጎረቤት› ይባላል። ይህም ማለት ሰውን በቅርብ የሚያውቀው ቤተ ሰቡ ነውና፥ የጎረቤት ቃል የቤቱን ቃል ይከተላል ማለት ነው። በደረጃ ዝርዝር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኪው ኤስ ዛሬም ከመቶው 30 እጅ ከመምህራን አስተያየት፥ 15 እጅ ከአሠሪዎች አስተያየት ይወስዳል፤ ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽንም በ2023 ባወጣው ስሌት 15 እጅ ስለ ማስተማር ዝና፥ 18 እጅ ስለ ምርምር ዝና ከመጠይቅ ያገኛል። በብራዚል ያለ የኬሚስትሪ መምህር በፊንላንድ ያለ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያስተምር በምን ያውቃል? ስሙን ሰምቷል። ስሙን ከወዴት ሰማ ቢሉ፥ ካለፈው ዓመት ዝርዝር ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ ዝናን ወለደ፥ ዝናውም ተመልሶ ዝርዝሩን ወለደ፤ ዳኛው የገዛ ፍርዱን ምስክር አድርጎ ጠራ። ስሙ ያልተሰማ ትምህርት ቤት ምንም ቢተጋ በዚህ ክብ ውስጥ መግቢያ በር አያገኝም።

አራተኛው፥ ቍጥሩ ራሱ ትክክል ነው ወይ? የሚለው ነው። በ2004 በወጣው የታይምስና የኪው ኤስ ዝርዝር የማሌዢያው ማላያ ዩኒቨርሲቲ 89ኛ ሆነ፤ ከመቶዎቹ ውስጥ መግባቱን የሚያበሥር ጽሑፍ በቅጥሩ ተሰቀለ። በ2005 ግን 169ኛ ተባለ። በአንድ ዓመት 80 ደረጃ መውረድ! መምህራኑ ተሰደዱን? መጽሐፍ ቤቱ ተቃጠለን? አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የቻይናና የሕንድ ዘር ያላቸው የማሌዢያ ተወላጆች እንደ ውጭ አገር ሰዎች ተቈጥረው ኖሮ፥ ለዚያ ነጥብ ተሰጥቶ ነበር፤ ስሕተቱ ሲታረም ነጥቡ ተነሣ። ስሕተቱ የቈጠራ ነበረ፤ ውርደቱን የተሸከመው ግን ትምህርት ቤቱ ነው፤ በ2006 የመሪው የሥራ ዘመን ሳይታደስ ቀረ።

የእስክንድርያ ነገር ደግሞ ከዚህ ይገርማል። ያች ከተማ በጥንት ዘመን የሊቃውንት መዲና እንደ ነበረች የታወቀ ነው። በ2010 በወጣው የታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን ዝርዝር የዛሬው የእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም 147ኛ ሆኖ ተጻፈ፤ በጥቅስ ነጥብ ግን ከመቶ 99.8 አግኝቶ ስታንፎርድንና ሀርቫርድን ቀደመ። ነገሩ ሲመረመር፥ ይህ ሁሉ ነጥብ ከሞላ ጐደል ከአንድ ሰው የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ራሱ አዘጋጅ በነበረበት መጽሔት ከ300 የሚበልጥ የገዛ ጽሑፉን ያሳተመ፥ ጽሑፉም የቀደመ ጽሑፉን ደጋግሞ የሚጠቅስ ነበረ። ስሌቱ ደግሞ ጥቂት ጥቅስ ባለበት የትምህርት ዐይነት ለሚገኝ ጥቅስ ብዙ ዋጋ ስለሚሰጥ፥ ያንድ ሰው ጽሑፍ የብዙ ሺህ ሰዎችን ቤት አንሥቶ አወጣው። በዚያው ቤት በትጋት ያስተምሩ የነበሩት መምህራን ለዚህ ክብር ምክንያት አልነበሩም፤ በኋላ ለተከተለው መሣለቂያም ምክንያት አልነበሩም።

አምስተኛውና የከፋው ጕድለት፥ ዝርዝሩ ሰውን ወደ ሐሰት መሳቡ ነው። ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለተማሪ ነበር፤ ዛሬ ግን ሳይማሩ መጠምጠም የትምህርት ቤቶች የራሳቸው ፈተና ሆኗል። በኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1988 በዩ ኤስ ኒውስ ዝርዝር 18ኛ ነበረ፤ በ2021 ሁለተኛ ሆነ። በየካቲት 2022 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ማይክል ታዴዎስ የገዛ ቤታቸውን ቍጥር መርምረው፥ የተላከው ከእውነቱ እንደማይገጥም በይፋ ጻፉ። ከ20 ያነሰ ተማሪ ያለባቸው ክፍሎች ከመቶ 82.5 ናቸው ተብሎ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ራሱ ባወጣው ቈጠራ 57 ሆኑ። በመስከረም 2022 ስሕተት መኖሩን አመነ፤ በዝርዝሩም ተመልሶ 18ኛ ሆነ። በፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ደግሞ በመስመር የሚሰጠው ትምህርት ከ2015 እስከ 2018 አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ተብሎ ነበር፤ የተላከው ቍጥር ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ፥ የትምህርት ቤቱ ዲን በ2021 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፥ በ2022ም 14 ወር እስራት ተፈረደበት። ከዚህ በፊት ሰው በገንዘብ ሐሰት፥ በርስት ሐሰት ይታሰር ነበር፤ አሁን ስለ ደረጃ ሐሰት የታሰረ መምህር ታየ።

ሐሰት ሳይናገሩም መግዛት ይቻላል። በ2011 ‹ሳይንስ› የተባለው መጽሔት እንደ ጻፈው፥ በሳዑዲ ዐረቢያ ያለው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ በሌላ አገር ለሚያስተምሩና ጽሑፋቸው እጅግ ለሚጠቀስ ሊቃውንት በዓመት 72,000 ዶላር ያህል እየከፈለ፥ ጥቂት ሳምንት ብቻ እንዲመጡና በጽሑፋቸው ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም እንዲጨምሩ ይዋዋል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ዓላማው ከነዚህ ሊቃውንት ጋር ምርምርን ማስፋፋት ነው አለ። ይሁን እንጂ ስሙ በዝርዝር የተቈጠረለት መምህር ዓመቱን ሙሉ በሌላ አገር ሲኖር፥ በጅዳ የተቀመጠው ተማሪ ጥያቄውን ለማን ያቅርብ?

እዚህ ላይ ሰፋሪው ራሱ ምን ይጠቀማል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪው ኤስ ደረጃ ከማውጣቱ ሌላ ለዩኒቨርሲቲዎች ምክር ይሸጣል፤ በክፍያ መርምሮ የኮከብ ምልክትም ይሰጣል። በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የወጣ አንድ ጥናት 28 የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎችን መርምሮ፥ ከድርጅቱ ጋር ብዙ የምክር ውል የተዋዋሉት በዚያው ድርጅት ዝርዝር ከሌሎቹ ይልቅ ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ማለታቸውን አመለከተ። ድርጅቱ ይህን አልተቀበለም፤ ምክሩና ደረጃው የተለያዩ ናቸው ይላል። ቃሉ እውነት ይሁን፤ ነገር ግን ከተከራካሪው ደመወዝ የሚቀበል ዳኛ፥ ፍርዱ ምንም ቅን ቢሆን፥ በየትኛውም አገር ሸንጎ አይቀመጥም። ንጹሕ የሆነ ዳኛ ከጥርጣሬም ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የጌቶች ክርክር ሆኖ ቢቀር ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ላይ የመንግሥታት በር ተንጠልጥሎበታል። በ2022 የእንግሊዝ መንግሥት ለተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን አንድ ዐይነት ቪዛ አቋቋመ፤ ሥራ ሳይዙ ገብተው ሁለት ዓመት፥ የዶክትርና ማዕርግ ያላቸውም ሦስት ዓመት ሊቀመጡ ተፈቀደላቸው። የተመረጡት የታወቁት እንዴት ነው ቢሉ፥ ከሦስቱ ዝርዝሮች ማለት ከታይምስ፥ ከኪው ኤስና ከሻንጋዩ ቢያንስ በሁለቱ ከ50ዎቹ ውስጥ የተገኙት ነበሩ። በዚያ በመጀመሪያው ዝርዝር ከአፍሪካ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሕክምና ተምራ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ሐኪም ከደጅ ቀረች፤ ከተመረጡት በአንዱ ከክፍሉ መጨረሻ የወጣው ግን ገባ። ስለ ራሷ የተጠየቀች አንዲት ጥያቄ የለችም። ሰውን በወላጆቹ ስም መመዘን ነውር ነው የሚሉ መንግሥታት በትምህርት ቤቱ ስም መዘኑት፤ ያውም ስሙን የሰየመው ነጋዴ ነው።

ዝርዝሩን የሚደግፉ ሰዎች መልስ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ቃላቸው ሊሰማ ይገባል። የመጀመሪያው ቃላቸው፥ ‹በሩቅ አገር ያለ አባት ልጁን ወዴት እንደሚልክ ምን አይቶ ይወስን? ጭራሽ ከማያውቅ ጥቂት ቢያውቅ አይሻልምን?› የሚል ነው። ይህ የጭንቀት ጥያቄ ነውና ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ግን፥ የተሳሳተ መንገድ የነገሩት መንገደኛ ካልነገሩት ይልቅ ይርቃል የሚል ነው። አባቱ ሊያውቅ የሚሻው፥ ልጁ የሚማርበት ክፍል ስንት መምህር እንዳለው፥ ከገቡት ስንቱ እንደሚመረቁ፥ ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፥ ተመራቂዎቹ ምን ሥራ እንደሚያገኙ ነው። ደረጃው ደግሞ የመላውን ዩኒቨርሲቲ ስም ነው የሚናገረው፤ ልጁ የሚማረው ግን በአንድ ክፍል ነው። በሕክምና የታወቀ ቤት በሕግ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቍጥር ሁለቱንም ይሸፍናል።

ሁለተኛው ቃላቸው፥ ‹ዝርዝሩ የተኙትን አነቃ፥ የተሰወረውን ቍጥር ወደ ብርሃን አወጣ› የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ እንደሚወድቅበት እንኳ ባልተናገረ ነበር። ነገር ግን ቍጥርን ማውጣት ሌላ ነው፥ ቍጥሮችን ደምሮ ፍርድ ማድረግ ሌላ ነው። የፊተኛው ይቅር ያለ የለም። ደግሞም አውጪዎቹ ራሳቸው ሚዛናቸው እንደሚፈዝ ያውቃሉ፤ የሻንጋዩ ዝርዝር ከመቶኛው በታች ሲደርስ አንድ በአንድ መቍጠሩን ትቶ በጅምላ ያስቀምጣል። 120ኛው ከ130ኛው ሊለይ ካልተቻለ፥ 60ኛው ከ70ኛው በምን ተለየ?

ሦስተኛው ቃላቸው ስድብ ነው፤ ‹ዝርዝሩን የሚነቅፍ ከታች የቀረ ብቻ ነው› ይላሉ። ይህንስ ሥራው ራሱ ይመልሰዋል። የየል የሕግ ትምህርት ቤት በዩ ኤስ ኒውስ ዝርዝር ዘወትር አንደኛ ሲባል ኖሮ በኅዳር 2022 ‹ከእንግዲህ ቍጥር አንሰጥም› አለ፤ የሀርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤትም በዚያው ቀን ተከተለው። ምክንያታቸውም ዝርዝሩ ድኻ ተማሪን መርዳትንና ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ ጠበቆችን ማፍራትን የሚያስቀጣ ነው የሚል ነበር። በሆላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ በ2023፥ በስዊስ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ከታይምስ ዝርዝር ወጡ። እነዚህ ከታች የቀሩ አይደሉም፤ ከላይ ተቀምጠው ወንበሩ እንደሚነቃነቅ ያወቁ ናቸው።

እንግዲህ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ አይመዘኑ ማለት ነውን? አይደለም። ዕውቀትን የሚመዝን ሥርዐት በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ኖሯል። ድጓ የተማረ ሰው ለምስክር ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር፥ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ቤተልሔም ከዙር አምባ ይበልጣልን ብሎ የጠየቀ ሊቅ አልተሰማም፤ እያንዳንዱ ወንበር የሚታወቀው በያዘው ዕውቀት ነውና። የወንበሩም ምስክር ተማሪው ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ‹ቅኔ ይቈጥራል› ይባላል፤ ይህ ቈጠራ ግን አንድ ሁለት ማለት አይደለም፤ ቃልን ከቃል አስማምቶ ምሥጢርን ማብሰል ነው። መምህሩም ስንት ቈጠርህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሰምቶ ያርመዋል እንጂ። በአውሮፓም ይህን የሚመስል አልጠፋም፤ በጀርመን ከ1998 ጀምሮ የወጣው የሲ ኤች ኢ ምዘና ዩኒቨርሲቲዎችን በጠቅላላ አንደኛና ሁለተኛ ሳይል፥ በየትምህርቱ ዐይነት ለይቶ፥ የተማሪዎችንም ቃል ጠይቆ፥ በወገን በወገን ይመድባቸዋል። መደመርን ትቶ መለየትን መረጠ።

ስለዚህ ሦስት ወገኖች ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። ተማሪና ወላጅ ከዝርዝሩ ቍጥር ወደ ክፍሉ ይውረዱ፤ ማን ያስተምራል፥ ምን ያስተምራል፥ የተማሩት ወዴት ደረሱ ብለው ከዚያ የተማሩትን ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ መሪዎች፥ ይልቁንም በኢትዮጵያ ያሉት፥ ‹በዚህ ዓመት ይህን ያህል ደረጃ እንወጣለን› ብለው ዕቅድ ከመጻፍ ይታቀቡ፤ በዚህ ዕቅድ መምህሩ ለገበሬው የሚጠቅመውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ከመጻፍ ይልቅ ለሩቅ መዝገብ የሚቈጠረውን ይጽፋል፤ ተማሪውም ከመምህሩ ቢሮ ደጅ ቆሞ ይውላል። መንግሥታትም የሰውን መግቢያና የሰውን እንጀራ በነጋዴ ቍጥር ላይ አያንጠልጥሉ፤ ሰውየውን ራሱን ይመርምሩ።

ሰፋሪው ቍናውን ሞልቻለሁ ቢል፥
እንጀራው ይመስክር የዱቄቱን ኀይል።

ይህም እስኪሆን ድረስ፥ ‹ይህ ዩኒቨርሲቲ በዓለም ስንተኛ ነው?› የሚል ሁሉ አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይኸውም ‹የሰፈረው ማን ነው፥ በምን ሰፈረው፥ ስለ መስፈሩስ ማን ከፈለው?› የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ ልጁን የሚልክ፥ ቍናውን ሳያይ እህል እንደሚሸምት ሰው ነው፤ ጕድለቱን የሚያውቀው ቤቱ ደርሶ ጆንያውን በፈታ ጊዜ ነው።